ከአባት ስም ጋር የሚሄድ ስም

የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝና ስም መጥራት የየዕለት ሥራዬ ነው። ስም የምታወጡ ወላጆች፣ መጀመሪያ የልጁን ስም ከአባቱ ስም ጋር አያይዛችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤተሰብ ስም ቢደነግግም ልማዳችን አልተቀበለውም፤ ልጅና አባት ዕድሜ ልክ ጎን ለጎን ይጠራሉ። «ሲሳይ ሞላ» ምርቃት ነው። «ደስታ ቆየ» ግን ደስታው ሰነበተ ወይስ ዘገየ? ለክፍል ልጆች ማላገጫ ይሆናል።

ቀጥሎ የስሙን ሸክም አስቡ። ልጅ የሞተበት ቤት ተከታዩን ምትኩ፣ ካሳ ወይም ማስረሻ ማለቱ የቆየ ልማድ ነው። ሐዘኑ ይገባኛል፤ እኔ ግን ልጁ በራሱ ስም ቢያድግ እመርጣለሁ።

ኦርቶዶክሳውያን ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም ይሰጣቸዋል፤ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች በ7ኛው ቀን ስም ያወጣሉ። መንግሥት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት ፊደሉን ቁረጡ፤ ሐና፣ ሀና ወይስ ሃና? የክትባት ካርዱ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱና የትምህርት ቤቱ መዝገብ ካልተስማሙ በኋላ ማስተካከሉ ያንከራትታል። በላቲን ፊደል የሚጻፍበትንም አብራችሁ ወስኑ።

አያት «እኔ ነኝ ስም የማወጣ» ካሉ አትከራከሩ፤ የቤት ስሙን ያውጡለት። ብዙ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ የሚይዘው እሱኑ ነው።