ነፍሳት በል ተክሎች በስቱዲዮ ቤት

ነፍሳት በል ተክሎች ምግባቸውን እንደማንኛውም ተክል ከብርሃን ይሠራሉ። የሚያድኑት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ፍለጋ ነው። የሚበቅሉበት ረግረግ ወይም ጭንጫ መሬት እነዚህን ስለማይሰጥ፣ የጎደለውን ከትንኝና ከጉንዳን ይሞላሉ። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1875 ስለእነሱ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። ኢትዮጵያም የራሷ አሏት፤ ሥር የለሹ የውሃ ተክል ዩትሪኩላሪያ ጥቃቅን ነፍሳትን በከረጢቶቹ ሳብ አድርጎ ይውጣል።

ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያሉት የአዲስ አበባ ሰፈሮች ቦሌ፣ ገርጂና ሰሚት ለአንዳንዶቹ ተስማሚ ናቸው። በቦርንዮና በሱማትራ ተራሮች የሚበቅለው የደጋ ኔፔንተስ፣ በቅጠሉ ጫፍ እንስራ መሰል ወጥመድ የሚያንጠለጥለው፣ ቀኑ ለዘብ ያለ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ እንዲሆንለት ይፈልጋል። በሞቃት አገር የሚኖር አብቃይ ይህን ቅዝቃዜ በማሽን ይገዛዋል፤ የቦሌ ነዋሪ ግን ማታ መስኮት ከፈት ማድረግ ይበቃዋል። የሚቸግረው የበጋው ደረቅ አየር ነው፤ ያኔ ኔፔንተስ ቅጠል ቢያወጣም እንስራ አይሠራም። የመስታወት ሣጥን ወይም የድሮ የዓሣ ገንዳ እርጥበቱን ይይዝለታል።

ብርሃን ሌላ ጉዳይ ነው። የኮንዶሚኒየም ብሎኮች ተጠጋግተው ስለሚሠሩ ስቱዲዮ ቤት ብዙውን ጊዜ ብርሃን የሚያገኘው ከአንድ መስኮት ብቻ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ያም ይደበዝዛል። ከተክሉ 20 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተሰቀለ ባለ 20 ዋት ነጭ የኤልኢዲ መብራት ለአንድ መደርደሪያ ይበቃል። በቀን 14 ሰዓት ቢበራ በወር የሚቆጥረው 8.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በቂ ብርሃን ማግኘቱን ሌላው ነፍሳት በል ተክል ድሮሴራ ራሱ ይናገራል፦ ሙጫ ያዘሉት ፀጉሮቹ ሲቀሉ ተመችቶታል፣ አረንጓዴ ሆኖ ሲመዘዝ ጨልሞበታል። መብራት ለጥቂት ሰዓታት ቢጠፋ ተክሉ አይጎዳም። የሚሳሳተው መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋው ባለ ጥርስ ታይመር ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ኋላ እየቀረ ቀኑን ከሌሊት ያምታታል። ስለዚህ ባትሪ ያለው ይሻላል።

አብዛኞቹን የሚገድላቸው ግን ውሃ ነው። የቧንቧም ሆነ የታሸገ ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን በአፈሩ ውስጥ እየተጠራቀመ ሥራቸውን ያቃጥላል፤ አምቦ ውሃማ አይነሳ። መድኃኒቱ ዝናብ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሚሆን፣ በረንዳ ላይ የተዘረጋ ሸራ በአንድ ክረምት በርካታ ጀሪካን ይሞላል። የመጀመሪያው ዝናብ የከተማውን አቧራ ስለሚያጥብ ይለፍ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ይቀመጥ። ለድሮሴራና ነፍሳትን በሚዘጋ ወጥመድ ለሚይዘው ለቬነስ ፍላይትራፕ ውሃው ከሥር በሳህን ይቀርባል፤ ኔፔንተስ ግን ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል።

አፈሩም እንደ ውሃው ድሃ መሆን አለበት። ፍግ ወይም ኮምፖስት የነካው አፈር አይሆንም። ማዳበሪያ ያልተቀላቀለበት ፒት ሞስ ከታጠበ አሸዋ ጋር ይስማማል። ከኮኮናት ቃጫ የሚሠራው ኮኮፒት ደግሞ ጨው ስለማያጣ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል።

ሰው የሚጓጓለት ቬነስ ፍላይትራፕ ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። ወጥመዱ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ፀጉሮች 20 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲነኩ ከዓይን ጥቅሻ ፈጥኖ ይዘጋል። አንዱ ወጥመድ በዕድሜው የሚዘጋው ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር በጣት መነካካቱ ተክሉን ያደክመዋል። ቁራሽ ሥጋ ቢጎርስም ይበሰብስበታል። ከዚህ በላይ ደግሞ የትውልድ አገሩን፣ የአሜሪካዋን ካሮላይና፣ ቀዝቃዛ ወራት ይናፍቃል፤ በየዓመቱ ሦስት ወር ያህል መተኛት አለበት። በአዲስ አበባ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት በአንድ ሰዓት ገደማ በመሆኑ ወቅቱን ከመስኮት አያውቅም። ከኅዳር እስከ ጥር መብራቱን ወደ ስምንት ሰዓት ዝቅ አድርጎ፣ ቀዝቃዛው መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ለጀማሪ የሚመከረው የደቡብ አፍሪካው ድሮሴራ ካፔንሲስ ነው፤ እንቅልፍ አይጠይቅም፣ ዘሩንም ራሱ ይበትናል። ዘርም ሆነ ችግኝ ከውጭ ሲገባ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። የኔፔንተስና የቬነስ ፍላይትራፕ ችግኝ ደግሞ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 በተቀላቀለችው፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚገዛው የሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ስለሆነ ያለ ፈቃድ በሻንጣ ይዞ መግባት አይቻልም።