የረዥም ጨለማ ዋጋ

በአማርኛችን የኤሌክትሪክን ኃይል ሁሉ «መብራት» ብለን መጥራታችን ለንግግር ቢመችም፣ መብራት ያሉት ነገር በኩራዝ የሚተካ ስለሚመስል፣ ኃይሉ ለብዙ ቀን ሲቋረጥ የሚታጣውን ከልቡናችን ይሰውራል።

የኃይል መቋረጥን የሚያጠኑ ሊቃውንት ለተጠቃሚው ሳይደርስ የቀረውን ኃይል በገንዘብ ለመተመን በልዩ ልዩ መንገድ ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹ የሀገሩን ዓመታዊ ምርት ለፈጀው ኃይል ያካፍላሉ፤ አንዳንዶቹ ሰው ለጄኔሬተር ያወጣውን ይቆጥራሉ፤ ሌሎቹም «እንዳይጠፋብህ ስንት ትከፍላለህ?» ብለው ሕዝቡን ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ለብሪታንያ የተደረገው ጥናት ሕዝቡን «ቢጠፋብህ ስንት ካሳ ትቀበላለህ?» ብሎ ጠይቆ፣ ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት ወደ 17,000 ፓውንድ የሚጠጋ ዋጋ አውጥቷል።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ግን የሚመረምረው የጥቂት ሰዓት መቋረጥን ነው፤ በአሜሪካ የሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ ያሰናዳው የታወቀው የመቋረጥ ዋጋ ማስሊያ እንኳ ከ24 ሰዓት ለሚያልፍ መቋረጥ እንዳይውል አሰናጆቹ ራሳቸው አስጠንቅቀዋል። የአንዱን ሰዓት ዋጋ በሰዓቱ ብዛት ማባዛት ስለምን አይበቃም ቢሉ፣ ጉዳቱ በቆየ ቁጥር መልኩን ስለሚለውጥ ነው፤ በመጀመሪያው ሌሊት ሥራ ይታጎላል፤ ውሎ ሲያድር ምግቡና ኢንሱሊኑ ይበላሻል፤ የስልክ ማማው ባትሪ ያልቅና ዘመድ ከዘመድ ይቆራረጣል፤ ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ይቆማል፤ በቤቱ በኦክስጅን መሣሪያ የሚተነፍሰው ሕሙምም ነፍሱ ትጨነቃለች።

ለዚህ ሁሉ ምስክሯ ፖርቶ ሪኮ ናት። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2017 ማሪያ የተባለው ዐውሎ ነፋስ የደሴቲቱን መሥመር ከጣለ ወዲህ፣ የመጨረሻዎቹ ቤቶች ኃይል ያገኙት ከ11 ወር ገደማ በኋላ ነበር፤ መንግሥት በመጀመሪያ 64 ብሎ የመዘገበውን የሟቾች ቁጥር የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች ወደ 2,975 ከፍ አድርገው ገመቱት፤ የሞቱም አደጋ ከሁሉ ይልቅ ጸንቶ የቆየው በድኾቹ አውራጃዎች እንደ ነበረ ጻፉ። እንግዲህ «ስንት ትከፍላለህ?» የሚለው ጥያቄ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚከፍለው የሌለው ድኻ ትንሽ ቁጥር ይናገራልና፣ ብዙ የተጎዳው ሰው በመዝገቡ ላይ ጥቂት እንደ ተጎዳ ሆኖ ይጻፋል።

የመዛግብቱም ልማድ ይህን ያባብሰዋል፤ የመሥመር አስተማማኝነት በየዓመቱ ሲለካ፣ በብዙ ሀገር የታላላቅ አደጋ ቀናት ከሂሳቡ ተለይተው ይወጣሉ።

ስለዚህ ምሰሶ ለማጽናት፣ ሽቦ ለመቅበር፣ ለጤና ጣቢያ ባትሪ ለማኖር የሚወጣውን ገንዘብ የሚመዝኑ ተማኞች፣ ሳይሸጥ ከቀረው ኪሎዋት ሰዓት አስቀድመው ጨለማው የቆየበትን ቀንና የቆየበትን ሰው ይቆጥሩ ዘንድ እንለምናለን።