መንገዱ ካለቀ በኋላ

ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ይገባል። መስከረም 17 ደግሞ ክረምቱ ጓዙን ጠቅልሎ ያልወጣበት፣ ጭቃው ያልጠጠረበት ጊዜ ነው። ከመርካቶ ተነስቶ ለእናቱ ነጠላ፣ ለአባቱ ካፖርት ይዞ የሚሄድ ነጋዴ፣ መኪናው ማጥ ውስጥ ሲቀር የአገሩን ችግር የሚያስረዳው ባለሙያ አያሻውም። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ከሁሉ አስቀድሞ መንገድን የመረጠበትን ምክንያት እኔ የምፈልገው እዚህ ነው። አባላቱ በአንድ ሰሞን፣ በአንድ ጭቃ ተይዘው ያውቃሉ።

መተባበሩ ያኔ የተጀመረ አይደለም። ደቦ፣ ጅጌና ወንፈል አዝመራ ሲያነሱ፣ ጎጆ ሲያቆሙ ኖረዋል። ደቦ ግን ጠላው ተጠጥቶ ሲያልቅ ይበተናል። ዕድርም ዋና ሥራው ሞትን መጠበቅ ነው። ዓመታት ለሚፈጅ ሥራ ግን ገንዘብ ያዥ፣ የሚመረጥና የሚሻር ኮሚቴ፣ ቆይቶም መሐንዲስ ያስፈልጋል። የ1950ዎቹ ማኅበራት ያመጡት አዲስ ነገር ይኸው ነው።

ከእነሱ ሁሉ ይበልጥ የሚደንቀኝ ከዓለም ገና እስከ ወላይታ ሶዶ ለሚዘልቀው መንገድ የቆመው ማኅበር ነው። የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤቱ ሥራ ከጀመረ ብዙም ያልቆየበት፣ የመንግሥት ገንዘብ ወደ ዋና ዋናዎቹ መስመሮች የሚሄድበት ዘመን ነበር። ፈቃዱ ገዳሙ በፈረንጆቹ 1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ይህን ማኅበር ዋና ጉዳያቸው አድርገው፣ ከተማ የገባው ሰው ከተወለደበት ገጠር ጋር የሚያያዝበትን ገመድ መርምረዋል። እኔን የሚስበኝ ሌላ ነገር ነው። መንገዱ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ሶዶ ሲደርስ የጉራጌን፣ የሀዲያንና የወላይታን ምድር ያቋርጣል። የማኅበሩን ወሰን የወሰነው የዘር ሐረግ ሳይሆን የመንገዱ መስመር ነበር ማለት ነው። ዛሬ ይህ ዓይነት ማኅበር ለማግኘት ፋኖስ ይዞ መዞር ይጠይቃል።

ሁሉም እንዲህ አልቀናቸውም። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ ብሎ ተነሳ፤ የአባላቱ ብዛትና የፖለቲካ ድምፁ ቤተ መንግሥቱን ስላሰጋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታገደ። ሕዝብ ተሰብስቦ «ከምኑ እንጀምር?» ብሎ መወያየት ሲጀምር፣ ቀጥሎ «ለምን እስከ ዛሬ አልተሠራም?» ማለቱ አይቀርም። ባለሥልጣን የሚፈራው ሁለተኛውን ጥያቄ ነው።

በ1980ዎቹ ነገሩ መልኩን ቀየረ። የትግራይ ልማት ማኅበር አሜሪካ ባሉ ተወላጆች ተጠነሰሰ፤ የአማራ ልማት ማኅበር (አልማ) በ1984 ዓ.ም. ቆመ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ብዙ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የውኃ ጉድጓድ ሠርተዋል፤ ይህን መካድ ንፉግነት ነው። ነገር ግን የማኅበር ወሰን የክልል ወሰን ሆነ። ወንዝና መንገድ ግን ክልል አያውቁም። መዋጮውም በብዙ ቦታ ከደመወዝ የሚቆረጥ ሲሆን ሰጪው የመምረጥ ሥልጣኑን አብሮ አስረከበ። መስቀል ላይ ጭቃ ውስጥ የቆመው ነጋዴ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። የደመወዝ ወረቀቱን የሚያይ መምህር ያንን ያህል ማወቁን እጠራጠራለሁ።

ሌላው ደዌ ዘመቻ ነው። እምቦጭ በጣና ላይ ከታየ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ገበሬው ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ፤ ከውጭ አገርም ሳይቀር ገንዘብ ተዋጣ፤ በቴሌቪዥን አየነው። የአረሙ ዘር ግን ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያና ደለል ደግሞ ይመግበዋል። ስለዚህ ሥራው ያለው ካሜራው ከሄደ በኋላ፣ ሐይቁን በሚመግቡት ወንዞች ተፋሰስ ላይ ነው። እዚያ ፎቶ የሚያነሳ የለም። በየስብሰባ አዳራሹ «ድር ቢያብር» የሚለውን ጨርቅ የሚሰቅሉ ሰዎች፣ አንበሳው ከታሰረ በኋላ ማን እንደሚጠብቀው ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

መጠበቅን መማር ለሚፈልግ ሰው ኮንሶ አለ። በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የእርከን ምድር ከ400 ዓመት በላይ ተገንብቶበታል፤ ካቡ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ዝናብ አንዱን ካብ ቢንደው ጎርፉ ከታች ያለውን ጎረቤት ማሳ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ጥገናው የባለ ማሳው ብቻ ሳይሆን የማኅበረሰቡ ጉዳይ ነው። በየመንደሩ አደባባይ የሚተከለው ድንጋይም አንድ ትውልድ ኃላፊነቱን ለቀጣዩ ማስረከቡን ይመሰክራል። የአምስት ዓመት ዕቅድ ከሚጽፉልን ቢሮዎች ውስጥ ስንቱ እንዲህ ያለ ርክክብ አለው?

አንባቢዬ የአገርዎ ልማት ማኅበር አባል ከሆኑ፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እጅዎን ያውጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁልኝ፦ ዘንድሮ ለጥገና ስንት ብር ተይዟል?