በክረምት ወራት አራቱም ጎማ የሚስብ መኪና ስለ መያዝና ስለ መንዳት

ለየወረዳው የሚሰጥ መኪና ዋጋው ብዙ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛም ስለ ሆነ በአንድ ክረምት ቸልተኝነት ቢበላሽ ፈጥኖ የሚተካ አይደለም። ማዳበሪያና ዘር የሚታደልበት፣ ከብት የሚከተብበት፣ ተምች ተነሣ የሚል ወሬ የሚሰማበት ጊዜ ደግሞ መንገዱ ከሚከፋበት ጊዜ ጋራ አንድ ነው። ስለዚህ መኪናውን በአደራ የተቀበለ ሹም፣ መሪውን በእጁ ባይጨብጥም እንኳ፣ የመኪናውን ጠባይ ሊያውቅ ይገባዋል። ነጂው «ይህ ወንዝ አይሻገርም» ሲል የሚያምነው ወይም የሚገሥጸው፣ «ዘይቱ ይለወጥ» ሲል የሚፈቅድለት ወይም የሚከለክለው እርሱ ነውና።

አራቱም ጎማ የሚስብ መኪና ከእርሻ ጋራ ያለው ዝምድና የቆየ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጂፕ የተባለው ለወታደር ተሠራ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. በአምስተርዳም ለሕዝብ የታየው ላንድ ሮቨር ግን ከመጀመሪያው ለገበሬ እንዲያገለግል የታሰበ ነበረ። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች እጅግ የታወቀው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር፣ ባለ 70 ቁጥሩ፣ በ1984 እንደዚያው አቆጣጠር ወጥቶ ጥቂት ጥቂት እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ይሠራል። ከዚህ በታች የሚነገረውም በተለይ ስለ እርሱና ስለ መሰሎቹ ነው።

በዚህ ዓይነት መኪና የሞተሩ ኃይል በተራ ጊዜ ወደ ኋላ ጎማዎች ብቻ ይሄዳል። ነጂው ትንሹን ዘንግ ሲያስገባ ለፊትና ለኋላ ይከፈላል። በብዙዎቹም ላይ አስቀድሞ ወርዶ በፊት ጎማዎች እምብርት ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች በእጅ ማዞር ያስፈልጋል፤ ይኸውም በደረቁ ሳሉ የሚደረግ ነው እንጂ ጭቃው እስከ ጉልበት ከደረሰ በኋላ አይደለም። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን አራቱን አስገብቶ መሄድ አይገባም። መኪና ሲጠመዘዝ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ፤ በጭቃ ላይ ጎማው ጥቂት እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያቃናል፤ አስፋልት ግን ጎማውን አጥብቆ ይይዘዋልና ዘንጎቹና ጥርሶቹ እርስ በርሳቸው ይተናነቃሉ፤ በመጨረሻም ይሰበራሉ።

አራቱም ይስባሉ ሲባል ሁልጊዜ እኩል ይስባሉ ማለት አይደለም። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ዲፈረንሻል የሚባለው የጥርስ ሣጥን ኃይሉን ወደ ቀለለው ያደላል። አንዱ በሬ ሲለግም የጓደኛው ጉልበት ከንቱ እንደሚቀር፣ አንዱ ጎማ በጭቃ ውስጥ በከንቱ ሲሽከረከር በጠንካራው መሬት ላይ ያለው ቆሞ ይቀራል። ይህን የሚቆልፍ መሣሪያ ያለው መኪና አለ፤ ነገር ግን ቀጥ ብሎ በዝግታ ለመውጣት ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ተቆልፎ ሳለ መሪው እንደ ልብ አይታዘዝም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ነጂዎች የሚስቱት ሌላ ነገር ነው። አራቱ ጎማ መሳቡ ለመሄድ ይረዳል እንጂ ለመቆም አይረዳም። ፍሬንማ በማናቸውም መኪና ላይ በአራቱም ጎማ ነው። የረጠበውን ዳገት ያለ ችግር የወጣ ሰው ቁልቁለቱን በዚያው ድፍረት ይወርድና መኪናው ከገደል አፍ ላይ ሲንሸራተት ይደነግጣል። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት በዝቅተኛ ማርሽ ገብቶ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ አድርጎ መውረድ ነው። ማርሹን አውጥቶ ናፍጣ ቆጠብሁ የሚል ነጂ ቢገኝ መሪውን ሊቀበሉት ይገባል፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1000 ሜትር በላይ ሲወረድ ፍሬን ብቻ የተማመነ ሰው ከታች ሲደርስ ፍሬኑ ግሎ ሊከዳው ይችላል።

አሁን ስለ ጥቁሩ አፈር እንናገር። ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው አፈር በአገራችን ወደ 12 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን መሬት ይዟል፤ የበቾንና የአድአን ሜዳ፣ የእነዋሪንም አገር ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲረጥብ ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ ውሃ ወደ ታች አያሳልፍም። የእነዋሪ ገበሬ ውሃውን ለማጠንፈፍ ሰፋፊ መደብ የሚያወጣው ስለዚህ ነው። ጎማም በዚህ አፈር ላይ ሲሄድ ጭቃው በጥርሶቹ መካከል ይሞላና ልሙጥ ያደርገዋል። እንግዲህ ነጂው የቤንዚን ወይም የናፍጣ መስጫውን ቢረግጥ ጎማው ይሽከረከራል እንጂ መኪናው አይሄድም፤ ጉድጓዱን ለራሱ ይቈፍራል፤ ሆዱም መሬት ሲነካ ነገሩ አበቃ። ጎማ መሽከርከር እንደ ጀመረ ወዲያው አቁሞ በመጣበት ፈለግ ወደ ኋላ መመለስ፣ ካልሆነም ወርዶ በአካፋ ማጽዳትና ድንጋይ ወይም ጭራሮ መጣል ይሻላል። የጎማውን አየር ከአራት አንድ ያህል ማውጣት የሚረግጠውን ስፍራ ስለሚያሰፋው ይረዳል፤ ግን ወደ ጠንካራ መንገድ ሲወጡ መልሶ መንፋት ግድ ነው። ክሪክ ብቻውን በጭቃ ውስጥ ይሰምጣልና ከበታቹ የሚደረግ ሰፊ ሳንቃ ከመኪናው አይለይ።

ጭቃውን ሽሽት ከመንገድ ወጥቶ በማሳ መሄድ በክረምት የተለመደ ክፉ ነገር ነው። በሐምሌ የተዘራ ጤፍ ላይ አንድ መኪና ካለፈ ሌሎችም ያንኑ ፈለግ ይከተላሉ። ለእርሻ የተላከ መኪና እርሻ ሲያጠፋ ገበሬው ምን ይበል? ዝናቡ ካባራ በኋላ ጥቂት ሰዓት መታገሥ ለመኪናውም ለመንገዱም ይበጃል። ጎትተው ለሚያወጡትም ሰዎች የድካማቸውን መክፈል ተገቢ ነው፤ ለገበሬ የክረምት ቀን የእንጀራው ቀን ነውና። በካቦ ሲጎተት ግን ማንም ሰው በአጠገቡ እንዳይቆም ያስፈልጋል፤ ካቦ ሲበጠስ ሰው ይገድላል።

ስለ ወንዝ ጥንቃቄው ከዚህ የበለጠ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የሚሮጥ ውሃ ብዙውን ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ 60 ሲደርስ ከባዱንም ገፍቶ ይወስደዋል። የመኪናው ቁመት ሰውን ያታልላል። ሰው በእግሩ ሊሻገረው የማይደፍረውን ውሃ በመኪና መሞከር አይገባም፤ በበላዩ ሰማዩ መጥራቱም ማስረጃ አይሆንም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የፈጀው በደጋው በዘነበ ዝናብ ነው። በደጋው ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚዘንብ ጠዋት ተሻግሮ በመጣበት ማታ ለመመለስ ማሰብ የሚያሳስት ነው፤ ከማዶ ማደር ውርደት አይደለም።

ውሃው የሚሻገሩት ከሆነ ጥቂት ቆሞ የጋለውን ማብረድ፣ ከዚያ በዝቅተኛ ማርሽ ሳይለውጡ በዝግታ ማለፍ ነው። ሞተሩ በመካከል ቢጠፋ ደግሞ ለማስነሣት መሞከር ጥፋት ነው፤ ውሃ እንደ አየር አይጨመቅምና ወደ ሲሊንደር ከገባ ብረቱን ያጣምመዋል። ከተሻገሩ በኋላ ፍሬኑ እስኪደርቅ እየሄዱ ቀስ ብሎ መርገጥ ይገባል።

ይህ ሁሉ የሚረዳው መኪናው በግንቦት ተዘጋጅቶ እንደ ሆነ ነው። የጎማው ጥርስ፣ ፍሬኑ፣ የዝናብ መጥረጊያው፣ መብራቱና ባትሪው ይታያሉ፤ በግራሶ የሚቀባው ሁሉ ይቀባል። በበጋም ቢሆን በወር አንድ ጊዜ 16 ኪሎ ሜትር ያህል በጠጠር መንገድ አራቱን አስገብቶ መሄድ የፊቱ ጥርሶች ዘይት እንዳይርቃቸው ያደርጋል። የናፍጣ በርሜል በደጅ ቀጥ ብሎ ከቆመ ዝናቡ በክዳኑ ላይ ይጠራቀምና ሌሊት ብርዱ ሲያኮማትረው ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ስለዚህ በጎኑ ይጋደም፤ ሲቀዳም ከሥሩ አይቀዳ። በፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ የነጂው የዘወትር ሥራ ነው፤ ለዚህ ጋራዥ አያስፈልግም።

ከወንዝና ከጭቃ የተመለሰ መኪና ከሥሩ ይታጠባል፤ ላዩን አብርቶ ሆዱን በጭቃ መተው ዝገትን መቀለብ ነው። የዲፈረንሻሉን መክፈቻ ፈትቶ ዘይቱን በጣት ማየትም ያስፈልጋል። ዘይቱ ጠቁሮ ቢገኝ የአገልግሎቱን ጊዜ ቆጥሮ መለወጥ ነው፤ ወተት እንደ ገባበት ቡና ነጥቶ ከተገኘ ግን ውሃ ገብቶበታልና መኪናው ዘይቱ ሳይለወጥ በማግስቱ ከግቢ አይውጣ።