ቫይረሱን ከተደበቀበት ነርቭ ውስጥ መቁረጥ

ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውን ቁስል ብዙዎቻችን «ምች መታው» እንላለን። ፀሐይዋን እንወቅሳለን፣ ዳማከሴ አሽተን እንቀባለን። ወቀሳው መሠረት አለው፤ ጠንካራ የፀሐይ ጨረር በእርግጥም ቁስሉን ይቀሰቅሳል። ያወጣው ግን ሄርፒስ ሲምፕሌክስ አንድ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ በልጅነት ገብቶ ዓመታት ያስቆጠረ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑ ሰዎች ከ3.7 ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት ይህን ቫይረስ ይዘው ይኖራሉ።

ለብዙዎች ቀላል ሕመም ነው። ለአንዳንዶች ግን የዓይን ብሌን አጠልሽቶ ዕውር ያደርጋል፤ ከእናቱ የተላለፈበትን አራስ ሊገድልም ይችላል።

ቁስሉ ሲድን ቫይረሱ አይጠፋም። በነርቭ ክር ተጉዞ ከራስ ቅል ግርጌ ወዳለው የነርቭ ቋጠሮ ይገባና ዲኤንኤውን በነርቭ ሕዋሶች እምብርት ውስጥ አስቀምጦ ዝም ይላል። እንደ አሲክሎቪር ያሉ መድኃኒቶች የሚይዙት የሚራባን ቫይረስ ነው፤ ዝም ያለውን አይነኩትም። ታማሚው መድኃኒቱን ባቆመ ጊዜ ቁስሉ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

በሲያትል የፍሬድ ሃቺንሰን ካንሰር ማዕከል ተመራማሪና የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ዶክተር ኪዝ ጀሮም ያነጣጠሩት በዚህ ዝምተኛ ዲኤንኤ ላይ ነው። ከባልደረባቸው ከማርቲን ኦበርትና ከሌሎች ጋር የሚሠሩበት መሣሪያ ሜጋኑክሊየዝ ይባላል። ረጅም የዲኤንኤ ፊደል ቅደም ተከተል ለይቶ እዚያው ላይ እንደ መቀስ የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው። ወደ ነርቭ የሚያደርሰው ሌላ ቫይረስ ነው፤ ሰውን የማያሳምም፣ የራሱ ዘረመል ወጥቶ የኢንዛይሙ መሥሪያ ትእዛዝ የተተካበት፣ ኤኤቪ የተባለ ረቂቅ ተሸካሚ።

የዘዴው ብልኃት መቁረጡ ብቻ አይደለም። ሕዋስ የተቆረጠ ዲኤንኤን የመጠገን ችሎታ አለው፤ የቫይረሱ ዲኤንኤ አንድ ቦታ ብቻ ቢቆረጥ መልሶ ሊገጥመው ይችላል። ሁለት ቦታ ሲቆረጥ ግን ጥገናው ይከብደዋል፤ የተበጣጠሰውን ባዕድ ዲኤንኤ ሕዋሱ ራሱ አፍርሶ ያስወግደዋል።

የመጀመሪያዎቹ የአይጥ ሙከራዎች ያጠፉት ከመቶ ጥቂቱን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት ግን በአይጦች አንገት ላይ ባለ የነርቭ ቋጠሮ ከተደበቀው ቫይረስ ከ90 በመቶ በላዩን አስወገዱ። ዝነኛው የዘረመል መቁረጫ ክሪስፐር በዚያው ሥራ ተሞክሮ ተመሳሳይ ውጤት አላስገኘም። ሜጋኑክሊየዝ ስሙ ብዙም የማይነሳ መሣሪያ በመሆኑ፣ ተመራማሪዎቹ ከዝናው ይልቅ ውጤቱን መከተላቸው በጣም ያስደስተኛል።

ያ ሕክምና ሦስት ዓይነት ተሸካሚና ሁለት ኢንዛይም ይጠይቅ ነበር። ተሸካሚው በብዛት ሲሰጥ ጉበትንና ነርቭን ስለሚጎዳ ማቅለል የግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ያደረጉት ዘዴ አንድ ተሸካሚና ሁለት ቦታ የሚቆርጥ አንድ ኢንዛይም ብቻ ይጠቀማል። ፊታቸው ላይ በተያዙ አይጦች 90 በመቶ፣ በብልት በኩል በተያዙት 97 በመቶ ያህል የተደበቀ ቫይረስ ጠፋ። ከሰውነታቸው የሚወጣው ቫይረስም ቀነሰ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ወደ ሌላ ሰው የሚሻገረው የሚወጣው ቫይረስ ነውና።

ሥራውን በገንዘብ ከደገፉት መካከል ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ በርካታ ሰዎች ይገኙበታል። ተስፋቸው ገና ወደ እነሱ አልደረሰም፤ ውጤቱ ሁሉ የአይጥ ነው። በአይጥ ላይ ቫይረሱ እንደ ሰው በራሱ ጊዜ አይነሳም፤ ተመራማሪዎቹ በመድኃኒት ነው የሚቀሰቅሱት። በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት የተሸካሚው መጠንና ደኅንነት በጥንቃቄ መረጋገጥ አለበት። እስከዚያው ድረስ ቡድኑ ይህንኑ የመቁረጥ ዘዴ በሌላ ሥር የሚሰድ ቫይረስ፣ በሄፓታይተስ ቢ ላይም እያጠና ነው።