ቫይረስ የገባበትን አሮጌ ኮምፒዩተር ስለ ማጽዳት

የኮምፒዩተር ቫይረስ ሕይወት ያለው ተሐዋሲ አይደለም፤ ራሱን እያባዛ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ እንዲተላለፍ ሰው ሆን ብሎ የሚጽፈው ፕሮግራም ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በለገጣፎ የሚኖሩ አንድ የእድር ጸሐፊ የአባላቱን የወርኃዊ መዋጮ መዝገብ በፍላሽ ይዘው፣ ዊንዶውስ 7 በተጫነበት አሮጌ የቤት ኮምፒዩተር ይሠሩበታል እንበል። አንድ ቀን መዝገቡን ለማሳተም ፍላሹን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰዱት። ቤታቸው ተመልሰው ሲከፍቱት ግን ፋይሎቹ ጠፍተው፣ በምትካቸው «ሾርትከት» የሚባሉ የአቋራጭ ምልክቶች ተደርድረው አገኙ። አንዱን ሲጫኑት ቫይረሱ ወደ ኮምፒዩተሩ ገባ።

አሮጌ ኮምፒዩተር ይበልጥ የሚጠቃው ለምንድን ነው? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 በነፃ ይሰጥ የነበረውን የጥገና አገልግሎት ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. አቁሟል። በመሆኑም ከዚያ ወዲህ የተገኙ ቀዳዳዎች ሳይደፈኑ ይቀራሉ። የዚህን ጉዳት ዓለም በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. አይቶታል፤ «ዋናክራይ» የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በ150 ያህል አገሮች ሲዛመት፣ መከላከያው ከሁለት ወር በፊት ቢወጣም በርካታ ኮምፒዩተሮች አልታደሱም ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥማችሁ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ጠብቁ።

አንደኛ፣ ኢንተርኔቱን አቋርጡ፤ ፍላሹንም ንቀሉ።

ሁለተኛ፣ ፍላሹን «ፎርማት» ለማድረግ አትቸኩሉ። ይህ ዓይነቱ ቫይረስ ብዙውን ጊዜ ፋይሎችን ይደብቃል እንጂ አያጠፋም።

ሦስተኛ፣ ፍላሹን ጸረ ቫይረሱ በታደሰ ኮምፒዩተር አስመርምሩ፤ እስኪመረመር ድረስ ምንም አትክፈቱ። ከዚያም የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጋችሁ ጽሑፎችንና ፎቶግራፎችን ብቻ ቅዱ፤ ፕሮግራሞችን ግን ተዉ።

አራተኛ፣ በቤት ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያሉትን ጽሑፎች በዚሁ መንገድ ካዳናችሁ በኋላ፣ ኮምፒዩተሩን ደምስሳችሁ እንደገና ጫኑት። አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም ካልቻለ፣ በነፃ ከሚገኙት የሊኑክስ ዓይነቶች ቀለል ያለው ሊስማማው ይችላል። ዊንዶውስ 7ን መጠቀም ግድ ከሆነ ግን ከኢንተርኔት አርቁት።

ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ማለትም መደምሰሱ ከማዳኑ ቢቀድም፣ ኮምፒዩተሩ ይጸዳል፤ መዝገቡ ግን ይጠፋል። ያን ጊዜ በሐዘን ቀን «ከፍያለሁ»፣ «አልከፈልክም» የሚል ክርክር ይነሣል። ስለዚህ አስፈላጊ ጽሑፍን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱም በወረቀት ይሁን፤ ወረቀትን ቫይረስ አይነካውምና።