ከካሜራው ጀርባ የሚቆመው ዓይን የትኛው ነው?

ፎቶግራፍ አንሺ በሠርግ ቤት ወይም በአደባባይ ሲሠራ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ይኸውም ባለሙያው ካሜራውን ወደ ፊቱ ሲያስጠጋ አንደኛውን ዓይኑን መጨፈኑ ነው። የትኛውን እንደሚጨፍን ልብ ብሎ ያየ ግን ጥቂት ነው። ባለሙያውን ራሱን እንኳ ሥራ ፈትቶ ሳለ «በየትኛው ዓይንዎ ነው የሚያዩት?» ብለው ቢጠይቁት ወዲያው አይመልስም። ባዶ እጁን አንሥቶ፥ ካሜራ እንደ ያዘ አስመስሎ ከሞከረ በኋላ ነው «በቀኙ» ወይም «በግራው» የሚለው። ዓይን ይህን ምርጫ የሚያደርገው ባለቤቱን ሳያማክር ነውና።

ነገሩ ለጨዋታ ያህል የሚነሣ ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ካሜራ የሚገዛ ሰው፥ ይህን ሙያ ለወጣቶች የሚያስተምር ሰው፥ ወይም በመሥሪያ ቤቱ በዓልና ስብሰባ ላይ ፎቶግራፍ እንዲያነሣ የታዘዘ ሠራተኛ ይህን ሳያውቅ ቢቀር ድካሙ በከንቱ ይበዛበታል፤ አንዳንዱም «ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም» ብሎ እስከ መተው ይደርሳል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ጉዳዩን ዘርዘር አድርገን ልንገልጸው አሰብን።

የሰው ሁለት ዓይኖች በሥራ እኩል አይደሉም። ከሁለቱ እጆች አንደኛው እንደሚቀድም ሁሉ፥ አነጣጥሮ ማየት በሚያስፈልግበት ጊዜም አእምሮ ከሁለቱ ዓይኖች አንዱን ያስቀድማል። ይህንን መሪ ዓይን ብለን እንጠራዋለን። የኢጣልያው ሊቅ ጃምባቲስታ ዴላ ፖርታ ስለ ብርሃን መሰበር በጻፈውና በ1593 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ ይህንኑ ነገር አንሥቶታል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን ይገንዘቡልን። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ምርመራዎች እንደ ታወቀው ከሦስት ሰዎች ሁለቱ ያህል በቀኝ ዓይናቸው፥ አንደኛው ያህል ደግሞ በግራ ዓይኑ ይመራሉ። ግራኝ ሰው ግን ከ10 ሰዎች አንድ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በቀኝ እጃቸው እየጻፉ በግራ ዓይናቸው የሚያነጣጥሩ ሰዎች ከግራኞች ሁሉ ይበዛሉ ማለት ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ እንደዚህ መሆናቸውን አያውቁትም።

መሪ ዓይን ማለት አጥርቶ የሚያይ ዓይን ማለት አይደለም። የዓይን ሐኪም በፊደል ሰሌዳው ሲመረምር ደከም ብሎ የተገኘው ዓይን መሪ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አንባቢያችን የራሳቸውን መሪ ዓይን ለማወቅ ቢፈልጉ ምንም መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። ሁለቱን እጆች ወደ ፊት ዘርግቶ መዳፎቹን በማደራረብ በመካከላቸው አንድ ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ መተው ነው። ሁለቱንም ዓይኖች ገልጦ በቀዳዳይቱ ውስጥ ራቅ ያለ ነገር፥ ለምሳሌ የግድግዳ ሰዓት ይመልከቱ። ከዚህ በኋላ እጆቹን ሳያንቀሳቅሱ ግራ ዓይንን ይጨፍኑ። ሰዓቱ በነበረበት ቢታይ መሪው ቀኝ ዓይን ነው፤ ከቀዳዳይቱ ቢሰወር ግን መሪው የተጨፈነው ግራው ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዋልተር ማይልስ በ1929 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት ይህን የመሰለ ፈተና ሰዎቹ ዓይናቸው እንደሚመረመር ሳያውቁት አድርጎባቸዋል። ጥበቡም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ዓይኑ እየተፈተነ መሆኑን ካወቀ የሚመኘውን ዓይን ወደ ፊት ማቅረቡ አይቀርምና። ፈተናውን ደጋግሞ ማድረግም ይሻላል፤ ወደ ጎን በሚታይበት ጊዜ ምሪቱ ከአንደኛው ዓይን ወደ ሌላው ሊዛወር ይችላል።

አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ሳይታዘቡ አልቀሩም፤ ቋንቋችን ለግራ ብዙም አያዳላም። ነገሩ የተወሳሰበበት ሰው «ግራ ገባኝ» ይላል፤ ማለዳ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ደግሞ «ቀኝ ያውልህ» ተብሎ ይመረቃል። ካሜራ የሚሠሩ ሰዎችም፥ አማርኛ ባያውቁ እንኳ፥ በዚህ አሳብ ከእኛ ጋራ የተስማሙ ይመስላሉ። የመጫኛው ቁልፍ በቀኝ እጅ በኩል ነው፤ ፊልም ማዞሪያውም በቀኝ በኩል ነበር። የመመልከቻው ቀዳዳ የሚቀመጥበትም ቦታ ቢሆን የሚመቸው በቀኝ ዓይኑ ለሚያይ ሰው ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በጀርመን አገር በቬትስላር ከተማ የሚሠራው ላይካ ነው። ይህ ትንሽ ካሜራ በ1925 ዓ.ም. ለገበያ በወጣ ጊዜ ባለሙያውን ከከባድ ሣጥንና ከሦስት እግር ማቆሚያ ነጻ አውጥቶታል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው ኤም 3 የተባለው ዓይነት መመልከቻው በካሜራው ጀርባ በግራ ጫፍ ላይ ነው። ቀኝ ዓይኑን እዚያ ላይ ያኖረ ሰው የካሜራው አካል ወደ ቀኝ ጉንጩ ስለሚያልፍለት ግራ ዓይኑ ነጻ ሆኖ ዓለሙን ያያል። በግራ ዓይኑ የሚያየው ግን ያው ካሜራ ፊቱን በሙሉ ይሸፍነዋል፤ አፍንጫው ከብረቱ ጋራ ይጣበቃል፤ ቀኝ ዓይኑም ገልጦት ቢሆን እንኳ ከካሜራው ጀርባ በቀር የሚያየው የለም።

መመልከቻቸው በመካከል የሆነ ካሜራዎች፥ ማለት በውስጣቸው ምስሉን ወደ ዓይን የሚመልስ መስተዋት ያላቸው፥ በዚህ ረገድ ይሻላሉ። ይሁን እንጂ እነርሱም ከዳኝነት ነጻ አይደሉም። የጃፓኑ ኒኮን ኩባንያ በ1977 ዓ.ም. ያወጣው ኤፍ ኤም የተባለው ካሜራ ፊልም ማዞሪያው ወደ ውጭ ጥቂት ካልተሳበ ቁልፉ አይጫንም። በቀኝ ዓይኑ ለሚያይ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ በግራ ዓይኑ የሚያየውን ግን ያ የብረት ዘንግ ግንባሩን ወይም ቅንድቡን ይወጋዋል። በሌላ ወገን ለግራኞች ያሰቡ ሠሪዎች ጨርሶ አልታጡም። በድሬስደን የተሠራው ኪኔ ኤክዛክታ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ መጫኛውም ማዞሪያውም በግራ በኩል ነበር። ያሺካም በ1989 ዓ.ም. ሳሙራይ የተባለውን ካሜራ በግራ እጅ የሚያዝ አድርጎ አውጥቶ ነበር። ያም ሆኖ እነዚህ ያሰቡት ለእጅ ነው፤ ስለ ዓይን ያሰበ አልነበረም ለማለት እንደፍራለን።

አሁን ወደ ተጨፈነው ዓይን እንመለስ። መጀመሪያውኑ ለምን ይጨፈናል? ሁለቱ ዓይኖቻችን በመካከላቸው 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ስላለ አንዱን ነገር ከሁለት አቅጣጫ ያዩታል፤ አእምሮም ሁለቱን አጋጥሞ ቅርቡን ከሩቁ ይለያል። ካሜራው ግን ባለ አንድ ዓይን ነው። በሁለት ዓይን ሲያዩት ከዛፉ ፊት ራቅ ብሎ የቆመው ሰው፥ በፎቶግራፉ ላይ ዛፉ ከራሱ ላይ የበቀለ መስሎ ይወጣል። አንድ ዓይን መጨፈን እንግዲህ ዓለሙን ካሜራው በሚያየው ዓይነት ለማየት ይረዳል። የጥንቶቹ ባለሙያዎች ይህ አላስፈለጋቸውም። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ እንደ ነበረው እንደ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ያሉት ሰዎች በሠሩበት ዘመን፥ ባለሙያው ራሱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ በደብዛዛው መስተዋት ላይ የተዘቀዘቀውን ምስል የሚመለከተው በሁለቱም ዓይኖቹ ነበር። ምስሉ አስቀድሞ በመስተዋቱ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ተቀምጦለታልና። በ1929 ዓ.ም. የወጣው ሮላይፍሌክስም ከደረት በታች ተይዞ ከላይ ወደ ታች በሁለት ዓይን የሚታይ ነበር። ዛሬ በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሕዝብ ሁሉ፥ ሳያውቀው፥ ወደዚሁ ወደ ቀድሞው ልማድ ተመልሷል።

መጨፈን የሚያመጣው ጉዳት ግን ከጥቅሙ አያንስም። አንደኛውን ዓይኑን አጥብቆ የጨፈነ ሰው የሌላውም ዓይኑ ቆብ አብሮ ይኮማተርበታል፤ የሁለት ሰዓት ሥነ ሥርዓት ሲፈጸም ፊቱ ዝሎ ይገኛል። ከዚህም የሚብሰው አደጋው ነው። በጉግስ ሜዳ ዳር ወይም በኳስ ሜዳ መሥመር ላይ ተንበርክኮ በረጅም ሌንስ የሚመለከት ሰው የሚያየው አንድ ጠባብ መስኮት ብቻ ነው፤ ከጎን እየጋለበ የሚመጣውን ፈረስ ወይም እየተንሸራተተ የሚደርሰውን ተጫዋች የሚነግረው የለም። ሁለተኛው ዓይን ቢገለጥ ግን ዘበኛ ይሆንለታል። ለፎቶግራፉም ይጠቅማል፤ ወደ ምስሉ ሊገባ ያለውን ሰው ገና ከመግባቱ በፊት ያያልና።

ሁለቱን ዓይኖች ገልጦ መሥራት በአንዳንዱ ካሜራ ይቀላል፥ በሌላው ይከብዳል። ምክንያቱም የመመልከቻው የማጉላት መጠን ነው። በላይካ ኤም 3 መመልከቻ ውስጥ ነገሩ ከተፈጥሮ መጠኑ 0.91 ያህል ሆኖ ስለሚታይ፥ በሁለቱ ዓይኖች የሚታዩት ምስሎች ሊገጥሙ ምንም አይቀራቸውም፤ የልኩ መሥመሮችም በአየር ላይ የተሰቀሉ መስለው ይታያሉ። በረጅም ሌንስ ሲሆን ግን አንደኛው ዓይን የተጎላውን፥ ሌላው የተፈጥሮውን ስለሚያይ አእምሮ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን እያነሣ ይዋልላል። በዚህ ጊዜ ግድ የለም፥ ቁልፉ በሚጫንበት ቅጽበት ጨፍኖ ወዲያው መግለጥ ይበቃል። አንድ ዓይን ብቻውን መጨፈን የማይሆንላቸው፥ መጥቀስ ከቶ ያልተማሩ ሰዎችም አሉ፤ እነዚህ ከመጀመሪያው ሁለቱን ገልጠው ስለሚለምዱ ብዙውን ጊዜ ከሌሎቻችን ይበልጣሉ።

ለአስተማሪዎች የምንነግራቸው አንድ ነገር አለን። ተማሪውን ገና በመጀመሪያው ቀን «ግራህን ጨፍን፥ በቀኝህ እይ» ብሎ ማዘዝ በአንዳንድ ስፍራ እንደ ደንብ ተይዟል። መሪ ዓይኑ ግራ የሆነ ተማሪ ይህን ትእዛዝ ሲፈጽም ምን እንደሚሆን እንመልከት። የሚያነሣውን ሰው በዓይኑ ከለየ በኋላ ካሜራውን ሲያቀርብ ሰውየው ካሰበው ቦታ ፈቀቅ ብሎ ያገኘዋል፤ ካሜራውን እያዘዋወረ ሲፈልግም የሚነሣው ሰው ፈገግታውን ይጨርሳል። አስተማሪው ተማሪውን ፈዛዛ ይለዋል፤ ተማሪውም ያምነዋል። ግራኝን ልጅ በቀኙ ካልጻፍህ ብሎ መቅጣት ይህን ይመስል ነበር። ካሜራው ለግራ ዓይን ቢጎረብጥም፥ ከመጎርበጡ ጋራ በመሪው ዓይን ማየት ይሻላል እንላለን።

ይህም ሲባል ዓይን መለወጥ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዕድሜው የገፋ ባለሙያ መሪ ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው የሚደርስበት ነገር ያሳዝናል። ለ30 ዓመት ያለ አሳብ ይሠራ የነበረው እጅ በድንገት እንግዳ ይሆንበታል፤ የቤቱ ግድግዳ ዘንበል ይላል፥ የቆሙት ሰዎች እግራቸው ይቆረጣል። ብዙው በዚህ ጊዜ ሙያው ያለቀለት ይመስለዋል። ሞራ በቀዶ ሕክምና እንደሚገፈፍ የታወቀ ነው፤ ተራው እስኪደርሰው ድረስም ሌላው ዓይን ሊሠለጥን ይችላል። የሚጀምረውም ካሜራውን በሦስት እግር ላይ አቁሞ፥ የማይንቀሳቀስ ነገር በማንሣት ቢሆን ይበጀዋል። በመመልከቻው አጠገብ የዓይንን ድካም የምታስተካክል ትንሽ መዘውር ያለች እንደ ሆነም ለአዲሱ ዓይን እንደገና መስተካከል አለባት። ይህች ተረስታ ስንቱ ካሜራ በከንቱ «ተበላሸ» ተብሏል!

ዘመናዊዎቹ ካሜራዎች ነገሩን በአንድ በኩል አቃልለውታል፥ በሌላ በኩል አዲስ ችግር ጨምረውበታል። ፊልም ማዞሪያው ቀርቶ ግንባር ከመወጋት ድኗል። ነገር ግን ጀርባቸው በጣት የሚታዘዝ መስተዋት በሆነባቸው ካሜራዎች ላይ በግራ ዓይኑ የሚያይ ሰው አፍንጫው መስተዋቱን እየነካ ትኩረቱን ወዳልታሰበ ቦታ ይወስድበታል። ብዙዎቹ ይህን የሚዘጋ ትእዛዝ በውስጣቸው አላቸው፤ ሻጩን አሳየኝ ማለት ነው። ካኖን በ1992 ዓ.ም. ባወጣው ኢ ኦ ኤስ 5፥ ኋላም በ2021 ዓ.ም. ባወጣው አር 3 በተባለው ካሜራ ላይ ደግሞ ባለሙያው ወደሚመለከትበት ቦታ ትኩረቱ ራሱ ይከተለዋል። እንዲህ ላለው ካሜራ አስቀድሞ የሚያዩበትን ዓይን ማስለመድ ያስፈልጋል፤ ዓይን የለወጠ ሰውም እንደገና ያስለምደዋል።

ለግዥ የሚሄዱ አንባቢዎቻችን እንግዲህ ዋጋውን ከመጠየቃቸው በፊት ካሜራውን አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ፊታቸው ያንሡት። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ መነጽራቸውን ሳያወልቁ የመመልከቻው አራቱም ማዕዘን ይታያቸው እንደ ሆነ ይመርምሩ። አፍንጫቸው የት እንደሚያርፍ፥ የቀኝ አውራ ጣታቸው ከጉንጫቸው ጋራ ይጋጭ እንደ ሆነ፥ የተረፈው ዓይን ከካሜራው ጎን አሻግሮ ማየት ይችል እንደ ሆነ ይዩ። ባለሱቁ ቢሰለችም ግድ የለም፤ ካሜራውን ይዘው የሚኖሩት እርስዎ ነዎትና።